ሮምን በሁለት ቀን፦ ትኬቱን፣ መንገዱንና የኛን ታሪክ ሳትስቱ

ሮም ሄደው ኮሎሲየምን ከውጭ ብቻ አይተው የሚመለሱ ሐበሾች ብዙ ናቸው። ትኬት በር ላይ ይቆረጣል ብለው ይሄዳሉ፣ የዛሬው አልቋል ይባላሉ። ረቡዕ ጠዋት ቅዱስ ጴጥሮስ ሄደው መግባት ያቅታቸዋል። እሁድ ቫቲካን ሙዚየም በር ላይ ደርሰው ዝግ ሆኖ ያገኙታል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ከባቡር ጣቢያው ወጥተው በዶጋሊ ሐውልት አጠገብ ያልፋሉ፣ የአክሱም ሐውልት 60 ዓመት በላይ የቆመበትን ቦታ ረግጠው ይሄዳሉ፣ ማንም ስላልነገራቸው ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

ስለዚህ ከታች ያለውን በቅደም ተከተሉ አድርጉት። የምጽፋቸው ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን በኛ እጽፋለሁ፣ ትኬት ላይ የሚታየውን ደግሞ በቅንፍ አስቀምጣለሁ። ዋጋ ይቀያየራልና ከመክፈላችሁ በፊት አረጋግጡ።

1. ቀኑን ምረጡ

የአውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ካሌንደር አውጡና እነዚህን ቀኖች እዩ።

- እሁድ፦ የቫቲካን ሙዚየም ዝግ ነው። የወሩ የመጨረሻ እሁድ ብቻ በነጻ ይከፈታል፣ ያውም እስከ ከሰዓት 8 ሰዓት (14:00)። በዚያ ቀን ሰልፉ ግንቡን ተከትሎ ይዞራል። ልጅ ወይም አረጋዊ ይዛችሁ ከሆነ አትሞክሩት።
- ረቡዕ፦ ጳጳሱ ሮም ካሉ ጠዋት ሕዝብ ይቀበላሉ። አደባባዩ ይዘጋጋል፣ ባዚሊካውም (ትልቁ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን) እስከ እኩለ ቀን ገደማ ለጎብኚ አይከፈትም። ጳጳሱን ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ግን ቀናችሁ ይሄ ነው።
- የወሩ የመጀመሪያ እሁድ፦ ኮሎሲየም ነጻ ነው። ቀድሞ መያዝ ስለማይቻል ሰልፍ መጠበቅ ግድ ነው።
- ዓርብ፦ የትራንስፖርት አድማ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ዓርብ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት «ሾፔሮ» (sciopero፣ አድማ ማለት ነው) የሚለውን ቃል ከቀኑ ጋር ጎግል ላይ ፈልጉ። አድማ ካለ የጠዋትና የማታ የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓቶች ላይ አገልግሎት ይኖራል፣ ጉዟችሁን በዚያ ልክ አድርጉ።

ለዚህ መመሪያ የሚመቸው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። ሁለት ተከታታይ ቀን ከሆነባችሁ ሰኞና ማክሰኞ ያዙ። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ፎረም በሚባለው የጥንቷ ሮም ፍርስራሽ ውስጥ ደግሞ ጥላ የለም ማለት ይቻላል።

2. ትኬት ግዙ፣ ስማችሁን በትክክል ጻፉ

የኮሎሲየም ትኬት ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት በይፋዊው ድረ ገጽ ይለቀቃል። መደበኛው 18 ዩሮ ሲሆን ኮሎሲየምን፣ የሮማን ፎረምንና የፓላቲን ኮረብታን ይይዛል። ጎግል ላይ ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጡት ማስታወቂያዎች የአትራፊዎች ናቸው፣ ያንኑ ትኬት በእጥፍ ይሸጣሉ። ወደ ታች ውረዱና የኮሎሲየም ፓርኩን የራሱን ገጽ አግኙ።

አሁን ብዙ ሐበሻ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ትኬቱ በስም ነው፣ በር ላይም ከመታወቂያ ጋር ያስተያዩታል። ቅጹ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዱ የቤት ስሙን ይጽፋል፣ አንዳንዱ የአያቱን ስም ይረሳል፣ ሌላው ሚስቱን በራሱ አባት ስም ያስመዘግባል። ፓስፖርታችሁን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና በላቲን ፊደል የተጻፈውን ፊደል በፊደል ገልብጡ። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትሄዱም እንዲሁ። የልጆችን ስም አትዝለሉ። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ከሆነ መግቢያ አይከፍሉም፣ ትኬት ግን ያስፈልጋቸዋል።

ሰዓት ስትመርጡ ደግሞ ተጠንቀቁ። ትኬቱ ላይ 10:00 ካለ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ቀልድ ይመስላል፣ ግን ከኢትዮጵያ በቀጥታ በሄዱ ሽማግሌዎች ላይ ይደርሳል። የስልካቸውን አላርም እናንተ ሙሉላቸው። ለመጀመሪያው ቀን የኮሎሲየምን 4 ሰዓት (10:00) ያዙ።

የቫቲካን ሙዚየም መግቢያ 20 ዩሮ ነው፣ በኢንተርኔት ስትይዙ 5 ዩሮ ይጨመራል። አምስቷን ዩሮ አትቆጥቧት፣ ያለሷ ሰልፍ ላይ ሰዓታት ይሄዳሉ። ለሁለተኛው ቀን 5 ሰዓት (11:00) ይዛችሁ ጨርሱ። ጉልላታሙ የጥንት ቤተ መቅደስ ፓንቴዎንም ከ2023 ጀምሮ ያስከፍላል፣ በዚያው ዕለት ግዙት። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ግን መግቢያው ነጻ ነው። በሩ ላይ «ትኬት ልሸጥልህ» የሚል ሰው ቢመጣ እለፉት።

የኮሎሲየም ትኬት ካለቀስ? ኮሎሲየምን የማይጨምር የፎረምና የፓላቲን ትኬት አለ፣ እሱን ግዙ። ወይም ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር የቡድን ጉብኝት ያዙ፣ ዋጋው ይጨምራል እንጂ ትኬት አብሮ ይመጣል። መንገድ ላይ ከሚያዋክብ ሰው ግን አትግዙ። ሁለቱም ካልሆነ ከኮሎሴዮ ሜትሮ ጣቢያ በላይ ወዳለው ከፍታ ውጡ፣ ኮሎሲየም ሙሉውን ፊት ለፊታችሁ ነው፣ በነጻ።

3. ልብስ፣ ጫማና ቦርሳ

ባዚሊካውም ሙዚየሙም ትከሻና ጉልበት ያሳየ ሰው አያስገቡም። ወንድ በቁምጣም አይገባም። ሴቶች ነጠላ ያዙ፦ ቀላል ነው፣ ሲሞቅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ በር ላይ ስትደርሱ ትከሻን ይሸፍናል። ቁጭ ስትሉም ከፀሐይ ያስጥላል።

ጫማ የለመዳችሁት ስኒከር ይሁን። የፎረም መንገድ በትልልቅ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው። ድንጋዩ በእግር ብዛት ልሟል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያንሸራትታል። የልጅ ጋሪ እዚያ ውስጥ ይቸግራል፣ ሕፃን ካለ እዘሉት።

ትልቅ ቦርሳና ሻንጣ ኮሎሲየም አይገባም፣ የሚያስቀምጡላችሁም ቦታ የለም። ሻንጣችሁን ሆቴል ወይም ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ተዉት። የብርጭቆ ጠርሙስ አትያዙ፣ የፕላስቲክ ውሃ ይበቃል። ከተማው ውስጥ ቧንቧቸው የተቆለመመ ትንንሽ የብረት ውሃ መጠጫዎች በየመንገዱ አሉ። ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። የቧንቧውን አፍ በጣታችሁ ስትደፍኑት ላዩ ላይ ካለችው ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ይፈናጠርና ጎንበስ ሳትሉ ትጠጣላችሁ።

4. ከአየር ማረፊያ ወደ ከተማ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፈው ፊዩሚቺኖ ነው። ሁለት ባቡር አለ፣ አታምታቱት። ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ 14 ዩሮ ነው፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ቀጥታ ተርሚኒ ያደርሳል። ሌላኛው 8 ዩሮ ነው፣ ግን ተርሚኒ አይሄድም፣ በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ አድርጎ ቲቡርቲና ይደርሳል። ማደሪያችሁ በዚያ በኩል ከሆነ ርካሹን ያዙ። የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ማተሚያ ማሽኑ ውስጥ አስገቡት። ያልታተመ ትኬት እንዳልተቆረጠ ይቆጠራል፣ ያስቀጣል።

በከተማው ሜትሮና አውቶቡስ አንድ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፣ 100 ደቂቃ ያገለግላል፣ ሜትሮ ውስጥ ግን አንድ ጉዞ ብቻ። የባንክ ካርድ ነክቶ መግባትም ይቻላል፣ ግን በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አይገባም። ለሦስት ሰው ሦስት ካርድ ወይም ሦስት ትኬት ያዙ። ቅጣቱ ከ50 ዩሮ በላይ ነው፣ ቱሪስት ነኝ ማለት አያድንም።

5. አንደኛ ቀን፦ ከተርሚኒ እስከ ፓንቴዎን

*ሀ. ተርሚኒ፣ ጠዋት 2 ሰዓት (08:00)።* ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የተሰየመው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለተደመሰሱት 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮች ነው። አደባባዩን ተሻግራችሁ ወደ ሪፐብሊካ አደባባይ አቅጣጫ ስትሄዱ በዛፍ መካከል አንድ የግብፅ ሐውልት ታገኛላችሁ። ከሥሩ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። በ1937 ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ያቆሙት እዚህ ነበር። ዘርአይ ደረስ በ1938 ከአንበሳው ፊት ተንበርክኮ፣ ሰይፉን መዞ የተነሳው እዚሁ ነው። አንበሳው ወደ አገሩ ተመልሷል። ለዚህ ቦታ አሥራ አምስት ደቂቃ በቂ ነው። አካባቢው ላይ ሌባ አይጠፋምና ስልክ በእጅ ይዛችሁ አትዘንጉ።

*ለ. ሜትሮ ቢ ወደ ቺርኮ ማሲሞ።* ወደ ተርሚኒ ተመለሱ፣ «ላውሬንቲና» የሚለውን አቅጣጫ ያዙ፣ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ውረዱ። ኮሎሴዮ ከዚያ በፊት ስለሚመጣ እዚያ እንዳትወርዱ። ስትወጡ ትልቁ ነጭ ሕንፃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ነው። ሲጀመር ለሙሶሊኒ የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር የታሰበ ነበር፣ 24 ሜትሩ የአክሱም ሐውልት ከፊቱ የቆመውም ለዚያ ነው። በ1937 ተወሰደ፣ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ እንደገና ቆመ። ዛሬ ፖርታ ካፔና አደባባይ ላይ የምታዩዋቸው ሁለት አምዶች የ2001ዱ የአሜሪካ የመስከረም 11 ጥቃት ሟቾች መታሰቢያ ናቸው።

*ሐ. የአበበን መንገድ ተራመዱ።* ከፖርታ ካፔና ወደ ኮሎሲየም የሚወስደው ቪያ ዲ ሳን ግሪጎሪዮ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ በእግር አሥር ደቂቃ። መስከረም 10 ቀን 1960 ማታ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ይሄ የአክሱም ሐውልት ጋ ሲደርስ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎ አፈተለከ። ከኮሎሲየም አጠገብ ባለው ቆንስጣንጢኖስ ቅስት ሥር በ2:15:16.2 ጨረሰ። መንገዱ ላይ ግንቡን እያያችሁ ሂዱ፣ 50ኛ ዓመቱ ሲከበር የተሰቀለ መታሰቢያ አለ። ታክሲ ይዛችሁ ይህን መንገድ አትለፉት፣ እለምናችኋለሁ። ልጆች ካሏችሁ ታሪኩን እዚያ ቆማችሁ ንገሯቸው።

*መ. ኮሎሲየም።* ከሰዓታችሁ 30 ደቂቃ ቀድማችሁ በር ላይ ሁኑ፣ እንደ አየር ማረፊያ ፍተሻ አለ። ፓስፖርት ኦሪጅናሉን ያዙ። ከዘገያችሁ ላያስገቧችሁ ይችላሉ። ቢሆንም ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፣ ለሠራተኛው ትኬቱን አሳዩና ምክንያቱን በአጭሩ ንገሩ፣ እንቢ ካሉ በዚያው ትኬት ወደ ፎረም መግባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። የሮማ ወታደር ለብሰው «ፎቶ እንነሳ» የሚሉትን አትጠጉ። ከተነሳችሁ በኋላ ዋጋ ይቆርጡባችኋል። «ስጦታ ነው» ብሎ እጃችሁ ላይ ክር የሚያስርም እንዲሁ፣ እጃችሁን ኪስ ውስጥ አድርጋችሁ እለፉ።

በ80 ዓ.ም. በቲቶ ዘመን የተመረቀው ይህ ሕንፃ 50,000 ያህል ሰው ይይዝ ነበር። መጀመሪያ ወደ ላይኛው ፎቅ ውጡ፣ ከዚያ ስታዩት የመሬት ውስጡ ክፍልና መተላለፊያው ይገባችኋል። ሰዓት ተኩል ስጡት።

*ሠ. ፓላቲንና ፎረም።* ሽንት ቤት ሳትሄዱና ውሃ ሳትሞሉ አትግቡ። አንዴ ከወጣችሁ ተመልሳችሁ መግባት አይቻልም፣ ውስጡም ምሳ የሚሸጥ የለም። መጀመሪያ የቲቶ ቅስት ላይ ቁሙ። ከቅስቱ ውስጥ ቀና ብላችሁ ግድግዳውን ስታዩ ወታደሮች ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። በ70 ዓ.ም. ከፈረሰው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የተዘረፈው ነው። ከእስራኤል ለምትመጡ ወገኖች ይህን ሳታዩ መውጣት ኪሳራ ነው። ከዚያ ፓላቲን ውጡ፣ ጉልበታችሁ ሳይደክም። ቀጥሎ ወደ ፎረም ውረዱ።

የመውጫ በሮቹ ይቀያየራሉ። ጥበቃውን «ካምፒዶሊዮ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እጁን ይቀስርላችኋል።

*ረ. ካምፒዶሊዮና ቬኔዚያ አደባባይ።* ካምፒዶሊዮ የአበበ ማራቶን የተጀመረበት የኮረብታ አደባባይ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ጀርባ ዞራችሁ ፎረሙን ከላይ እዩት፣ ክፍያ የለም። ወደ ቬኔዚያ አደባባይ ውረዱና ጀርባችሁን ለትልቁ ነጭ ሐውልት ስጡ። በግራችሁ ያለው ሸክላማ ሕንፃ መካከል ላይ አንዲት ሰገነት አለች። ሙሶሊኒ በግንቦት 1936 ኢትዮጵያን ያዝን፣ ኢምፓየር ሆንን ብሎ ያወጀው ከዚያች ሰገነት ነው። አደባባዩ ላይ የሜትሮ ግንባታ አጥር ካለ ዙሩትና እዩ።

*ሰ. ፓንቴዎን፣ ከ10 ሰዓት ተኩል (16:30) በፊት ተነሱ።* በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል (18:30) በኋላ አያስገቡም። ጉልላቱ 43.3 ሜትር ስፋት አለው፣ ከወለሉ እስከ ጫፉም ያው 43.3 ነው፣ መሐሉ ላይ ክፍት ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይገባል። ስትገቡ በግራ በኩል የንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ መቃብር አለ። የውጫሌ ውል የተፈረመው፣ ዓድዋ ላይ ጦራቸው የተሸነፈው በእሱ ዘመን ነው። ፎቶ የሚያነሳው ሁሉ የሠዓሊውን ራፋኤልን መቃብር ነው፣ እናንተ ሁለቱንም እዩ።

ትሬቪ ምንጭ ከዚያ አሥር ደቂቃ ነው፣ ግን ማታ ሰው በሰው ነው። ሳንቲም የሚጥሉ ሰዎች መካከል ገብታችሁ ኪሳችሁን እንዳትሰጡ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የሚነሳ ሰው ያኔ ይሂድ። ውሃው ውስጥ እግር መንከር ያስቀጣል፣ የስፓኝ ደረጃ ላይ መቀመጥም ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው።

እራትና ጾም። ቡና ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ጠጡ፣ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። ጾም ላይ ከሆናችሁ ፒዛ ማሪናራ እዘዙ፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ እንጂ አይብ የለውም። እንጀራ ካማራችሁ ተርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ቤቶች አሉ፣ ከአንዱ ሰው ብትጠይቁ ያሳያችኋል።

6. ሁለተኛ ቀን፦ ቫቲካን

*ሀ. ጠዋት 1 ሰዓት (07:00) አደባባዩ ላይ ሁኑ።* ሜትሮ ኤ ይዛችሁ ኦታቪያኖ ውረዱ። 64 ቁጥር አውቶቡስም ከተርሚኒ ይሄዳል፣ ግን በኪስ አውላቂ የታወቀ ነው፣ ቦርሳ ወደ ፊት። በዚህ ሰዓት ፍተሻው አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። 4 ሰዓት (10:00) ላይ ብትመጡ ሰልፉ አደባባዩን ይከባል። መቀስና ቢላ አትያዙ።

*ለ. መጀመሪያ ጉልላቱ።* ሙሉውን በእግር 551 ደረጃ ነው። ሊፍት ብትይዙም 320 ደረጃ ይቀራል፣ ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም። ወደ መጨረሻው መንገዱ ይጠብባል፣ ግድግዳው ያዘማል፣ ተመልሶ መውረድም አይቻልም። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው፣ የልብ ሕመም ወይም የጉልበት ችግር ያለበት ሰው ታች ይቅር።

ላይ ስትደርሱ ሰው ሁሉ ወደ አደባባዩ ይጋፋል። እናንተ ወደ ጀርባ ዙሩ፣ ወደ አትክልቱ ቦታ። ከባዚሊካው ጀርባ ጥግ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ናት። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያ መነኮሳትና ተሳላሚዎች ተሰጠች። አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548 እና 49 ሮም ውስጥ ያሳተሙት እዚያ ሲኖሩ ነው። ከአትክልቱ መካከል የሚታየው ትልቅ ሕንፃ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው። ያለ ፈቃድ ወደ ሁለቱም መግባት አይቻልም፣ ከስዊስ ዘቦቹ ጋር አትከራከሩ፣ ከላይ አይታችሁ ውረዱ።

*ሐ. ባዚሊካው።* ከጉልላቱ ስትወርዱ ወደ ውስጥ ግቡ። በቀኝ በኩል መጀመሪያ የምታገኙት የማይክል አንጄሎ ፒዬታ ነው። 4 ሰዓት ላይ (10:00) ውጡ።

*መ. ሙዚየሙ።* መግቢያው አደባባዩ ላይ አይደለም! ግንቡን ተከትላችሁ ወደ ሰሜን ዞራችሁ፣ ቪያሌ ቫቲካኖ ላይ ነው፣ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ። በማይክል አንጄሎ ሥዕል የታወቀው ሲስቲን ቻፕል መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጉልበት አስቀሩ። እዚያ ፎቶ ክልክል ነው፣ ማውራትም። ከቻፕሉ በቀጥታ ወደ ባዚሊካው የሚያወጣ አቋራጭ በር አለ ይሏችኋል፣ በሩ ለቡድኖች ነው፣ አትተማመኑበት። ባዚሊካውን በጠዋት ያስቀደምነውም ለዚህ ነው።

7. ነገር ሲበላሽ

ቦርሳ ከተሰረቀ መጀመሪያ ካርዳችሁን በስልክ አዘጉ፣ ከዚያ ቅርብ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና «ዴኑንቺያ» የሚባለውን የጽሑፍ ክስ አስሞሉ። ያለሱ ወረቀት ኤምባሲም ኢንሹራንስም አይረዳችሁም። ፓስፖርት ከጠፋ ያንን ወረቀት ይዛችሁ ሮም ወዳለው ኤምባሲያችን ሂዱ። በአውሮፓ የስደተኛ ሰነድ የምትጓዙ ደግሞ ሰነዱን የሰጣችሁን አገር ኤምባሲ አነጋግሩ። የፓስፖርታችሁንና የመኖሪያ ፈቃዳችሁን ፎቶ ከስልካችሁ ሌላ ኢሜላችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ስልኩም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ለአደጋና ለፖሊስ 112 ደውሉ።

ዝናብ ከመጣ ፎረሙን አሳጥሩና ወደ ፓንቴዎን ሂዱ። ሰው ከጠፋባችሁ፣ በተለይ እናት ወይም አባት ይዛችሁ ከሆነ፣ ጠዋት ስትነሱ መገናኛ ቦታ ተስማሙ፦ አንደኛ ቀን ቆንስጣንጢኖስ ቅስት፣ ሁለተኛ ቀን ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መሐል ያለው ሐውልት። የሆቴሉን ስም፣ አድራሻና የእናንተን ስልክ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ አድርጉላቸው።